የኮንሶል እድሜ የሚለካው በበሩ ነው

አንድ የቴአትር አዳራሽ የመብራት ኮንሶሉን ለመለወጥ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «አርጅቷል» የሚል ነው። ስክሪኑ ትንሽ ነው፤ ሥራውን የሚያስቀምጠው በፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው፤ አዲሶቹ ደግሞ በጣት የሚነኩ ሰፋፊ ስክሪኖች አሏቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርጅናን በመልክ መለካት ነው። ኮንሶል የእያንዳንዱን መብራት ድምቀት የሚያዝና የትዕይንቱን የመብራት ለውጦች በቅደም ተከተል የሚያስታውስ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱን ለውጥ ባለሙያዎቹ «ኪው» ይሉታል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ደህና ኮንሶል ማዘዙንም ማስታወሱንም ዛሬም አይረሳም። ስለዚህ ኮንሶልን የሚያስረጀው በውስጡ የጎደለው ሶፍትዌር ብቻውን አይደለም፤ ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚነጋገርበት በር መዘጋቱ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ ከጎደለው ብዙውን ከውጭ ማምጣት ይቻላል።

በሩ ከየት እንደመጣ ለማየት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ወደ 1975 መመለስ ይጠቅማል። በዚያ ዓመት «ኤ ኮረስ ላይን» የተሰኘው ሙዚቃዊ ተውኔት ኒውዮርክ ብሮድዌይ ሲገባ የመብራት ንድፍ ባለሙያዋ ታሮን መሰር ኤልኤስ-8 በተባለ፣ ኪው በሚያስታውስ ኮንሶል ተጠቀሙ፤ ብሮድዌይ ላይ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት መብራት የሚደምቀውና የሚደበዝዘው በእጅ በሚገፉ ማንሻዎች ነበርና ብዙ ማንሻ አብሮ መንቀሳቀስ ሲኖርበት ብዙ ሰው ይሰለፍ ነበር። ማስታወሻው ይህን ችግር ፈታ፤ ሌላ ችግር ግን ቀረ። አምራቾች ኮንሶሉን ከዲመሩ፣ ማለትም ወደ መብራቱ የሚሄደውን ኃይል ከሚጨምረውና ከሚቀንሰው ዕቃ ጋር የሚያገናኙት እያንዳንዳቸው በገዛ ቋንቋቸው ነበር። የአንዱን ኮንሶል ከሌላው ዲመር ጋር ማግባባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። በ1986 የዩናይትድ ስቴትስ የቴአትር ቴክኖሎጂ ተቋም ዲኤምኤክስ 512 የተባለውን የጋራ ቋንቋ አወጣ፤ በሩም ያን ጊዜ ተከፈተ።

የዲኤምኤክስ ትልቁ ጸጋ ቀላልነቱ ነው። በአንድ ኬብል ላይ እስከ 512 አድራሻዎች ይጓዛሉ፤ እያንዳንዱ አድራሻ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ይይዛል፤ ሙሉው ዝርዝር በሰከንድ እስከ 44 ጊዜ ገደማ ይደጋገማል። ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ኮንሶሉ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። በ1990ዎቹ የተሠራ ኮንሶል ዘንድሮ ከፋብሪካ የወጣን የኤልኢዲ መብራት ማብራት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ለአድራሻ 1 የላከው 255 ድሮ የአምፖል ሙሉ ድምቀት ነበር፤ ዛሬ የኤልኢዲው ቀይ ቀለም ሙሉ መጠን ሊሆን ይችላል። ሰባት ስምንት ቀላል ኤልኢዲ ለሰቀለ አነስተኛ አዳራሽ ይህ ብቻ ይበቃዋል። ችግሩ የሚመጣው ከተንቀሳቃሽ መብራቶች ጋር ነው። አንገቱን የሚያዞር፣ ቀለምና ቅርጽ የሚለዋውጥ አንድ መብራት 40 አድራሻ ቢፈልግ፣ 512ቱ የሚበቃው ለ12 መብራት ብቻ ነው። ደግሞም 40 ቁጥር አንድ በአንድ በፌደር፣ ማለትም በኮንሶሉ ተንሸራታች ማንሻ መግፋት የሚያዋጣ ሥራ አይደለም። የአዲስ ኮንሶል ሶፍትዌር ብልጫ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ «ይህን መብራት ወደ ግራ አዙረህ ሰማያዊ አድርገው» የሚለውን ሐሳብ ወደ ቁጥሮች የሚተረጉመው ራሱ ነው።

ታዲያ ተርጓሚው የግድ ኮንሶሉ ውስጥ መቀመጥ አለበት? አሮጌ ኮንሶሎችን ከጀርባ ለሚያይ መልሱ እዚያው ነው። በ1983 ለሙዚቃ መሣሪያዎች የወጣው ሚዲ በብዙዎቹ ላይ ክብ ባለ አምስት ቀዳዳ መሰኪያ ሆኖ ይገኛል። በ1991 ደግሞ ሚዲ ሾው ኮንትሮል የተባለው ቅጥያው ጸደቀ፤ እሱም አንድ መሣሪያ ሌላውን «ኪው 12ን ጀምር» ብሎ እንዲያዝ የተሠራ ነው። ተግባሩን በአንድ ትዕይንት ማየት ይቻላል። መድረኩ ላይ መብረቅ ይበርቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ነጎድጓድ ይሰማል። ሁለት ሰዎች በሁለት ቁልፍ ቢሠሩት አንድ ምሽት ይገጥማል፣ ሌላ ምሽት ይፋለሳል። ድምፁን የሚያጫውተው ኮምፒውተር በሚዲ ለኮንሶሉ ትእዛዝ ከሰጠና ድምፁን ራሱ የተወሰነ ጊዜ ካዘገየ ግን የብርሃኑና የድምፁ ርቀት ሁልጊዜ ያው ይሆናል። ኮንሶሉ አዲስ ነገር መማር አላስፈለገውም፤ የሚያውቀውን ኪው በታዘዘበት ቅጽበት አሳየ፤ ያ ብቻ ነው። ሚዲ ወሰን አለው። ተራ የሚዲ ቁጥር ከ0 እስከ 127 ብቻ ስለሚሄድ፣ በጨለማ መድረክ ላይ ቀስ ብሎ የሚነሣ ብርሃን በእሱ ቢገፋ ደረጃ ደረጃው ለዓይን ሊታይ ይችላል። ኬብሉም ከ15 ሜትር እንዳያልፍ ይመከራል። ስለዚህ ሚዲን ለትእዛዝ ማዋል፣ የብርሃኑን አነሣስ ደግሞ ለኮንሶሉ መተው ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ ሥራ መከፋፈል ነው፤ ለብዙ አዳራሽ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠውም ይህ ይመስለኛል። የድሮዎቹ ዲመሮች ከኮንሶሉ ጋር ይቆያሉ፤ ኤልኢዲዎቹና ተንቀሳቃሾቹ እንደ ኪውኤልሲ ፕላስ ያለ ነፃ ሶፍትዌር ለተጫነበት ኮምፒውተር ይሰጣሉ። ሁለቱ የሚያወጡትን ዲኤምኤክስ አንድ ማዋሃጃ ዕቃ ያገናኘዋል። እዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ማዋሃጃዎች ከሁለት ቁጥሮች ትልቁን ያሳልፋሉ፤ ለድምቀት ይህ ጥሩ ነው፣ ለመብራቱ አንገት ግን ትርጉም የለውም፤ ትልቁ ቁጥር ትክክለኛው አቅጣጫ ነው የሚል ሕግ የለምና። መፍትሔው አድራሻዎቹን ከመጀመሪያው መለየት ነው፤ ከ1 እስከ 96 ያሉት ለኮንሶሉ፣ የቀሩት ለኮምፒውተሩ። ተገላቢጦሹም ይቻላል። የኮንሶሉን ዲኤምኤክስ ተቀብሎ ወደ አርት-ኔት፣ ማለትም በ1998 ወደ ወጣውና የመብራት ትእዛዝን በኮምፒውተር ኔትወርክ ወደሚያጓጉዘው ፕሮቶኮል የሚለውጥ ዕቃ አለ። ያኔ አሮጌዎቹ ፌደሮች ለአዲሱ ሶፍትዌር እጅ ይሆናሉ። ስክሪን እየነካ የሚሠራ ባለሙያ ዓይኑን ከመድረክ መንቀል አለበት፤ ፌደርን ግን በጣት ዳሰሳ ያገኘዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳጥን አንድ ተጨማሪ የመበላሻ ቦታ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ኮንሶሉ ተነሥቶ ኮምፒውተሩ ገና ቢሆን ግማሽ መድረክ ጨለማ ይቀራል፤ ዩፒኤስ ለሁለቱም ያስፈልጋል። ሆኖም ክርክሩ በሌላ አቅጣጫም ይቆርጣል። ሁሉን ነገር በአንድ አዲስ ኮንሶል የጠቀለለ አዳራሽ ያ ኮንሶል ሲቆም ሁሉም ይቆምበታል፤ በተከፋፈለው አሠራር ግን ኮምፒውተሩ ቢሞት የተዋናዮቹን ፊት የሚያበራው ዲመር በኮንሶሉ እጅ ነው፤ ትዕይንቱ ቀለም ያጣል እንጂ አይቋረጥም። በአንድ ነገር ግን ድርድር የለም። ዲኤምኤክስ የላከው ቁጥር በትክክል መድረሱን የሚያረጋግጥበት ግዴታ የለውም፤ ደረጃው ራሱ ለአደገኛ መሣሪያ እንዳይውል ያስጠነቅቃል። ርችትና ከሰው በላይ የሚንቀሳቀስ ዕቃ በዚህ መስመር ፈጽሞ መታዘዝ የለበትም፤ ኮንሶሉ አሮጌም ሆነ አዲስ።

የመለዋወጫው ነገር ደግሞ በማባበል የሚታለፍ አይደለም። ፌደር ይጸዳል፣ ይቀየራል፤ ማስታወሻውን የሚያቆየው ባትሪም ይተካል። ዋናው ሰሌዳ ላይ ያለ፣ ማንም የማያመርተው ቺፕ ሲቃጠል ግን ሌላ ያረጀ ኮንሶል ፈልጎ ከማፍረስ በቀር መንገድ ይጠፋል። በየሳምንቱ አዲስ ትዕይንት የሚያወጣና በደርዘን የሚቆጠሩ ተንቀሳቃሽ መብራቶች የሰቀለ ቤትም ሁለት መሣሪያ እያግባባ የሚያጠፋው የባለሙያ ሰዓት ከአዲስ ኮንሶል ዋጋ ሊበልጥበት ይችላል፤ ለእሱ መለወጡ ተገቢ ነው። በዓመት ጥቂት ተውኔት ለሚያሳይ አዳራሽ፣ ለትምህርት ቤት መድረክ ግን ያው ገንዘብ መብራቶቹን ራሳቸውን ቢገዛ ተመልካቹ የሚያየው ለውጥ ይበልጣል።

ኮንሶሉ ቢቆይም ቢሄድም ቀጠሮ የማይሰጠው ፍሎፒው ነው። ሶኒ የፍሎፒ ዲስክ ሽያጩን በ2011 አቁሟል፤ በእጅ ያሉት ዲስኮችም መግነጢሳቸው እየደከመ ይሄዳል። የፍሎፒ ማንበቢያውን ቦታ ወስዶ በፍላሽ የሚሠራ ርካሽ ዕቃ ለብዙ ኮንሶሎች ይገኛል። ከዚያ በላይ የሚጠቅም ግን ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ዲኤምኤክስን ያወጣው ተቋም በ1992 የኮንሶል መረጃ በተራ ጽሑፍ የሚጻፍበትን ደንብም አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ በርካታ ኮንሶሎች ትዕይንቱን በዚያ መልክ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ አዳዲሶቹም ከፍተው የሚያነቡት አሉ። ፋይሉን በማንኛውም ኮምፒውተር የከፈተ ሰው የሚያየው ምሥጢራዊ ኮድ አይደለም፤ የኪው ቁጥር፣ የመነሻና የመውረጃ ሰከንድ፣ ከሥሩም የመብራት ቻናሎቹ ከነድምቀታቸው ተዘርዝረው ነው።