ባሌስትራ የተሰበረው መቼ ነው?

ከመኪና ክፍሎች መካከል ስሙ የሚነሣው በተሰበረ ጊዜ ብቻ የሆነ አንድ ክፍል አለ፤ ይኸውም ባሌስትራ ነው። ሞተሩን ሁሉም ያደንቀዋል፤ ጎማውንም ተሳፋሪው ሳይቀር በእግሩ መታ መታ እያደረገ ይመረምረዋል። ባሌስትራ ግን ከሻንሲው ሥር ጭቃ ለብሶ፥ የመኪናውንም የጭነቱንም የእኛንም ክብደት ተሸክሞ ዝም ብሎ ይኖራል። አንድ ቀን ‹‹ቋ!›› ብሎ በተሰበረ ጊዜ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ስለ ባሌስትራ ተናጋሪ ይሆናል። በመጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ ‹‹ማን ሰበረው?›› የሚል ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ሳይመረመር የተዘጋጀ ነው፤ ሾፌሩ!

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት፥ አብዛኞቹ አንባቢዎቻችን ዛሬ ባይሆን ነገ በመሥሪያ ቤት መኪና ወደ መስክ የሚወጡ፥ ከጉዞ መልስም በብልሽት ሪፖርት ላይ የሚፈርሙ ወጣቶች በመሆናቸው ነው። በአንድ ፊርማ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል።

‹‹ባሌስትራ›› የሚለው ቃል እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ጎሚስታ ሁሉ ከጣሊያንኛ የተረፈልን ነው። በጣሊያንኛ ይኸው ቃል የጥንቱን የጦር ቀስትም ይጠራበታል፤ ስያሜውም ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ባሌስትራ ማለት እንደ ቀስት የጎበጡ የብረት ዝርጎች ተደራርበው የሚሠሩት ነገር ነውና። ረጅሙና ዋናው ዝርግ ሁለት ጫፎቹ እንደ ቀለበት ተጠቅልለው ከሻንሲው ጋር ይያያዛሉ፤ ከሥሩ ያሉት ደረጃ በደረጃ እያጠሩ ይሄዳሉ። ሁሉንም በመካከል አንድ ቡሎን ይወጋቸዋል፤ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉ ሌሎች ቡሎኖች ደግሞ ከአክስሉ ጋር አጥብቀው ያስሯቸዋል።

ብዙ ሰው ባሌስትራ ለተሳፋሪ ምቾት ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በላንድ ክሩዘር ፒካፕና በአብዛኞቹ የጭነት መኪናዎች የኋላውን አክስል በቦታው ይዞ የሚያቆየው ባሌስትራው ራሱ ነው። ስለዚህ ዋናው ዝርግ ከፊት በኩል ከቀለበቱ አጠገብ ከተሰበረ አክስሉ ወደ ኋላ ሊሸሽ፥ መኪናውም መሪው ወዳላዘዘው አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ዓባይ በረሃን የወረደ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በትምህርት ቤት ሮበርት ሁክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1678 ያሳተመውን ሕግ ሁላችንም ተምረናል፤ ሞላ በተጫነው ክብደት መጠን ይለመጣል፥ ክብደቱ ሲነሣለት ይመለሳል የሚለውን ማለታችን ነው። ስንት ጊዜ ተለምጦ ቢመለስ እንደሚደክም ግን ይህ ሕግ አይነግረንም። ይህን ያስተማረው መከራ ነው። በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ፥ በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ፥ ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮህለር ብረት በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው እጅግ ባነሰ ሸክም፥ ሸክሙ ከተደጋገመበት፥ እንደሚሰበር በሙከራ አሳየ።

ይህን ወደ ጠጠር መንገዳችን እናምጣው። ቀላጤ ያልጎበኘው የጠጠር መንገድ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ይሠራል። በየሜትሩ አንድ ሞገድ አለ ብንል፥ 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ባሌስትራው 100,000 ጊዜ ይመታል፤ አሥር እንዲህ ያለ ጉዞ አንድ ሚሊዮን ይሞላል። ድንጋይ የጫረው ወይም ዝገት የበላው ትንሽ ቦታ በዚህ ሁሉ ምት መካከል ጸጉር በምታህል ስንጥቅ ይከፈታል። አስረው የያዙት ቡሎኖች ከላሉ ደግሞ ጭንቁ ሁሉ የመካከሉ ቡሎን በተበሳበት ቀዳዳ ላይ ስለሚወድቅ፥ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያው ነው።

ባለፈው በጋ የተሳፈርንበት መኪና በአንድ የጠጠር መንገድ ላይ ባሌስትራው ተሰበረ። ከመካከላችን አንዱ ‹‹ጋሼ፥ ያንን ጉድጓድ በፍጥነት ስለገቡበት ነው›› ቢል ሾፌሩ አልተቆጡም። ቁራጩን በጨርቅ ጠርገው ‹‹ልጆቼ፥ መጀመሪያ እዩት›› አሉን። የስብራቱ ፊት ሁለት ዓይነት ነበር። ከዳር በኩል የጣት ስፋት ያህሉ ዝጎ ጠቁሯል፤ የቀረው እንደ ስኳር ቅንጣት ያብረቀርቃል። ‹‹የጠቆረው የቆየ ነው፤ የሚያበራው የዛሬው ነው›› አሉን። ቮህለር ቢኖር ከዚህ የተሻለ የሚናገር አይመስለንም። ጉድጓዱ የጨረሰው እንጂ የጀመረው አልነበረም።

ስብራቱ ዳር እስከ ዳር አዲስ ሆኖ ከተገኘ ስለ ፍጥነት መጠየቅ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ያን ጊዜም ‹‹ሦስት ኩንታል ጨምሩ፥ ይችላል›› ብሎ ያዘዘው ማን እንደሆነ አብሮ ይጠየቅ። አዛዡ ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ባለሥልጣን ሆኖ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም።

በመንገድ ላይ ሲያጋጥም ጎማዎቹ በታኮ ወይም በድንጋይ ይታገዱ፤ ጭነቱና ተሳፋሪው ይውረድ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የተሰበረው ከታች ካሉት አጫጭር ዝርጎች አንዱ ከሆነ አጥብቆ አስሮ፥ ጭነት ሳይዙ፥ በዝግታ እስከሚቀርበው ከተማ መድረስ ይቻላል። ዋናው ዝርግ ከሆነ ግን ሾፌሩ ‹‹አልሄድም›› ቢሉ ትክክል ናቸው፤ ስብሰባውም ይቆይ።

ከተማ ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ‹‹እንበይደው›› የሚል ይመጣል። ባሌስትራ ጥንካሬውን ያገኘው ግሎ በዘይት ከተነከረ በኋላ እንደገና በልክ በመሞቁ ነው፤ የብየዳ እሳት ይህን ሁሉ ያበላሽበታል። የተበየደው ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ከብየዳው አጠገብ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ዝርጉ ይለወጥ፤ ወዲያኛው ጎንም አብሮ ይታይ፤ አዲስ የታሰሩትም ቡሎኖች ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተኬደ በኋላ እንደገና ይጥበቁ። ‹‹ለብርታት›› ብሎ ተጨማሪ ዝርግ መደረብም ሸክሙን ወደ አክስሉና ወደ ሻንሲው ማዛወር ነው እንጂ የመኪናውን አቅም አያሳድገውም።

የተሰበረው ቁራጭ ሪፖርቱ እስኪፈረም ድረስ ሳይታጠብና ሳይሞረድ ይቀመጥ፤ የሚፈርመውም ሰው ወደ ጋራዡ ወርዶ በዓይኑ ይየው። ከዚያ በኋላ በደንቡ መሠረት ቢወገድ ፈላጊ አያጣም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ባሌስትራ የሚገዙ አሉ፤ ከገጠር ቀጥቃጮችም እጅ ሲደርስ በወናፍ ግሎ፥ ተቀጥቅጦ፥ ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል።