ለማጅ የማይቀበል ቀጣሪ ምን ያጣል?

«ሰው ጠፋ» የማይል ቀጣሪ የለም። ባለ ጋራዡ፣ ባለ ሆቴሉ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ያለው ሁሉ ማስታወቂያ ያወጣል፤ የመጣለትን ወረቀት ያገላብጥና «ቢያንስ ሦስት ዓመት የሠራ» ይላል። ያ ሦስት ዓመት ግን አንድ ቤት ውስጥ መሠራት ነበረበት። ሁሉም የሚጠብቀው ሌላው ሰው አስተምሮ እንዲልክለት ነው።

የሙያ መልመጃ ነገሩ ቀላል ነው። ወጣቱ እየሠራ ይማራል፣ ድርጅቱም እያስተማረ ያሠራዋል፤ ጊዜው ይወሰናል፣ አበል ይቆረጣል፣ መጨረሻ ላይ ችሎታው ይመዘናል። በእኛ አገር በሁለት በር ይገባበታል። አንደኛው ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር የሚሠራበት የትብብር ሥልጠና ሲሆን፣ የጀርመንን አሠራር እያየ የተቀረጸ ነው። ከሥልጠናው ሰፊው ድርሻ፣ በተለምዶ እንደሚባለው 70 በመቶው፣ ድርጅት ውስጥ እንዲሰጥ ነው የታሰበው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ቀጣሪ መኖሩን እንኳ የማያውቀው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ የተቀመጠው የሙያ መልመጃ ውል ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ ለለማጁ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ ይጻፍበታል። ሲያበቃም ቀጣሪው ምን ሙያ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳሠለጠነ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ከአዋጁ ውስጥ አንዱን ድንጋጌ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ቀጣሪው ለማጁን ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ ማሰማራት አይችልም። ሻይ አምጣ፣ መኪናዬን እጠብ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ውሰድልኝ ማለት ክልክል ነው ማለት ነው። የጀርመንም ሕግ በተመሳሳይ መንገድ ይከለክላል። እኛ ዘንድ ያየሁት ግን ተገላቢጦሹን ነው። ኮሌጅ የላካቸው ልጆች በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ ሲጠርጉና ዕቃ ሲያመላልሱ ከርመው፣ በመጨረሻው ቀን ኃላፊው የልምምድ መዝገባቸውን ሳያነብ በአንድ መቀመጫ ፈርሞ ሲያሰናብታቸው ተመልክቻለሁ። ያው ሰው በሳምንቱ «የዘንድሮ ተመራቂ ምንም አይችልም» ብሎ ሲያማርር ሰማሁ። እንዲህ ያለ ቀጣሪ ማማረር አይገባውም።

አሁን በአግባቡ የሚያስተምር ባለሙያ ያለበት አንድ ጋራዥ ውስጥ እንግባ። የማውቀው መካኒክ ቴስታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አውርዶ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ) ቀይሯል፤ ሊያስረው ነው። ቁልፉን ለለማጁ ከመስጠቱ በፊት ልጁ ቅደም ተከተሉን በቃሉ እንዲናገር ያደርገዋል፦ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ ያውም በአንዴ ሳይሆን በደረጃ። ልጁ «ለምን ከመሃል?» አለ። መካኒኩ ቆም ብሎ አሰበና ማስረዳት ጀመረ። ከዳር ከታሰረ ቴስታው እኩል አይቀመጥም፣ ጓርኒሲዮኑ አንድ ቦታ ይጨነቃል፣ ሌላ ቦታ ይላላል፤ ውሃና ዘይት የሚቀላቀለው ከዚያ ነው። ይህን ሲያስረዳ ልጁ ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ ጥብቀቱ በስንት መሆን አለበት? ያኔ ነው በዚያ ጋራዥ ውስጥ ከዋናው መካኒክ በቀር የሌሎቹ ሁሉ ቡሎን የሚታሰረው በእጅ ግምት እንደሆነ የታወቀው። ባለቤቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቴስታ ጥብቀትን ከሚለካው ቶርክ ቁልፍ ውጭ እንዳይታሰር አዘዘ። የተስተካከለው የድሮ ሠራተኞቹ አሠራር ነው፤ ምክንያት የሆነው ግን አበል ተቀባዩ ልጅ ነው። ለለማጅ የሚያስረዳ ባለሙያ እጁ የለመደውን ሁሉ እንደገና ለመመርመር ይገደዳል። ይህን ጥቅም በገንዘብ ተምኖ የሚያስቀምጥ ቀጣሪ አላጋጠመኝም፤ ጋራዥን ግን ተበላሽቶ ተመልሶ የሚመጣ መኪና ያህል የሚያስከፍለው ነገር የለም።

ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ። ለማጅ ተቀበሉ ሲባሉ ብዙ ቀጣሪዎች የሚመልሱት አንድ ነው፦ «አሠልጥኜው ይሄድብኛል።» ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ኢኮኖሚስቱ ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ይህንኑ ጉዳይ አንስተዋል። የትም ሄዶ የሚሠራበትን ሙያ ቀጣሪው በራሱ ወጪ አያስተምርም ብለዋል። ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። የቤከር ሐሳብ ግን ሌላም ክፍል አለው፦ ወጪውን የሚሸከመው ሠልጣኙ ራሱ ነው፣ በሥልጠናው ጊዜ ዝቅ ያለ ክፍያ በመቀበል። የለማጅ አበል ከሙሉ ደመወዝ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ልጁ እየሠራ ድርሻውን እየከፈለ ነው እንጂ በነፃ እየተማረ አይደለም።

ተግባሩም ይህን ያሳያል። በስዊዘርላንድ በተደጋጋሚ የተካሄዱ ጥናቶች የአሠልጣኙን ጊዜና የለማጁን ክፍያ በአንድ በኩል፣ ለማጁ የሠራውን ሥራ ዋጋ በሌላ በኩል አስቀምጠው ሲያሰሉ፣ አብዛኞቹ ድርጅቶች ወጪያቸውን ሥልጠናው ሳያልቅ መልሰው ያገኛሉ። ልጁ በማግስቱ ቢሄድ እንኳ ቀጣሪው አልከሰረም ማለት ነው። በጀርመን በአማካይ ሥልጠናው ሲያበቃ የተጣራ ወጪ ይቀራል፤ ድርጅቶቹ ግን ማሠልጠናቸውን አይተውም። ያሠለጠኑትን ቀጥረው ሲያስቀሩ ሰው ለመፈለግ፣ ለመፈተንና አዲስ መጤን ለማለማመድ የሚወጣው ገንዘብ ይቀርላቸዋል።

ይህንን ያሠለጠኑትን ሰው የማስቀረት ጥቅም በቅርብ እንየው። ቃለ መጠይቅ ግማሽ ሰዓት ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ማንም ትሁት ነው፣ ማንም ታታሪ ነው። ለማጅን ግን ደንበኛ ሲጮህበት ያዩታል፤ ዝናብ ሲጥል ሰዓቱን ያከብር እንደሆነ ያያሉ። ቡሎን ሲሰበርበት መጥቶ ይናገራል ወይስ በሲሊኮን ሸፍኖ ያልፋል? ይህን የሚነግር የሥራ ልምድ ወረቀት እስካሁን አልተጻፈም።

ደግሞስ የሚሄደው የትኛው ነው? እኔ እንዳየሁት በብዛት የሚሄደው ሙያውን ከጨበጠ በኋላም በለማጅ አበል እንዲቆይ የተደረገው ነው። ትናንት ቁልፍ ያቀብል ስለነበር ዛሬ ሞተር ሲፈታም በቁልፍ አቀባይ ዋጋ ይከፈለዋል። የጎረቤት ጋራዥ ትክክለኛውን ደመወዝ ሲጠራለት ይሄዳል፤ ባለቤቱም «ውለታ ቢስ» ይለዋል። በክብር የተሸኘ ልጅ ግን የራሱን ትንሽ ጋራዥ ሲከፍት ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሥራ ለቀድሞ አለቃው ይልካል።

የሠለጠነ ሰው ቢሄድም ማሠልጠን እንደሚያዋጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ተመሥርቶ በ1946 መብረር ሲጀምር አብራሪዎቹና ኃላፊዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። የራሱን አብራሪና የጥገና ባለሙያ ማሠልጠን ያዘ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በኋላም ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ሲፈልሱበት ማሠልጠኛውን አልዘጋም፤ አሰፋው። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትንም ጭምር ያስተምራል።

ባለሙያዎቻችን ላይም የማነሣው ቅሬታ አለ። ሥራው ወሳኝ ቦታ ሲደርስ ለማጁን «ሂድ እስቲ ዘይት ገዝተህ ና» ብሎ የሚልክ ብዙ ነው። ልጁ ሲመለስ ሥራው አልቋል። ይህን የሚያደርጉት ቦታዬን ይወስድብኛል ብለው በመፍራት ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ያለው በቀጣሪው እጅ ነው። ማስተማር የሥራው አካል መሆኑን በጽሑፍ ያስቀምጥላቸው፣ ላስተማሩበትም ይክፈላቸው። ጀርመን ውስጥ አሠልጣኝ የሚሆን ሰው የማስተማር ብቃቱም ይፈተናል። እኛ ዘንድ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ባለሙያ ሥር አንድም ልጅ ያላስቀመጠ ፋብሪካ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ያንኑ ሰው ከቤቱ እየለመነ ሲያስመጣ ይኖራል።

ስለዚህ ቀጣሪ ከሆኑ አደራ እላለሁ። በአቅራቢያዎ ወዳለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደው የትብብር ሥልጠና ኃላፊውን ያነጋግሩ። ለመጀመሪያው ጊዜ ከአንድ ልጅ በላይ አይቀበሉ። እርስዎ ዘንድ ካለ ትዕግሥተኛ ባለሙያ ጋር ያጣምሩት፣ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉት፣ የልምምድ መዝገቡንም አንብበው ይፈርሙ።