የጓሮው ዱባ ለምን ሳያፈራ ቀረ?

በጓሮዋ ዱባ የተከለች እናት ቅጠሉ አምሮ፣ አበባው ፈክቶ ሳለ ፍሬ ሳይዝ ሲቀር ታዝባ ይሆናል። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው የተለያየ በመሆኑ ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስለት ይሻል። ይህን ሥራ በአብዛኛው የምታከናውነው ንብ ናት።

ለመሆኑ ይህ ከኮምፒዩተር ትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል? ልጆች ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍን፣ ማለትም ኮዲንግን፣ ከሚማሩባቸው መንገዶች አንዱ የንብንና የአበባን ኑሮ በስክሪን ላይ አስመስሎ መሥራት ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያቀረበው ስክራች የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ያገለግላል። ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን ክፍያ የለውም፤ በአማርኛም ይሠራል። አንድ ጊዜ ከተጫነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ልጅቱ በመጀመሪያ አንዲት ንብና ጥቂት አበቦች ትሥላለች። ቀጥላም ንቧን ታዛለች፦ «ወደ ፊት ሂጂ፤ ወንዴ አበባ ከነካሽ ብናኝ ያዢ፤ ብናኝ ይዘሽ ሴቴ አበባ ከነካሽ አንድ ፍሬ ቁጠሪ፤ ይህንኑ ደጋግሚ።» ኮምፒዩተር የተነገረውን እንጂ የታሰበውን አያውቅም። «ብናኝ ይዘሽ» የሚለው ከተዘነጋ ንቧ ባዶዋን ሄዳ ፍሬ ትቆጥራለች። ልጅቱም ስሕተቱ የት እንደገባ ራሷ ፈልጋ ታርማለች።

ዋናው ትምህርት ከዚህ በኋላ ይመጣል። 20 ንቦችን ወደ 5 ዝቅ ስታደርግ በዚያው ጊዜ የሚቆጠረው ፍሬ ያንሳል። ሁሉንም ስታጠፋ አበባው እንዳማረ ፍሬው ዜሮ ይሆናል። ነገሩም ከጓሮ ያልፋል፤ ጤፍና ስንዴ ንብ ባይሹም ከዓለም ዋና ዋና የምግብ ሰብል ዓይነቶች 75 በመቶ ያህሉ በጥቂቱም ቢሆን ብናኝ በሚያደርሱ እንስሳት ይጠቀማሉ።

እርግጥ የስክሪኗ ንብ ዝናብም ሆነ በሽታ አታውቅም። ስለዚህ ልጆች የሠሩትን ከእውነተኛው አበባ አጠገብ ቁጭ ብለው ከሚያዩት ጋር ቢያስተያዩት ይጠቅማል። ኮምፒዩተር በሌለበት ቤትም በወረቀት ላይ አበቦች ሥሎ፣ ምስሩን እንደ ብናኝ፣ አንዱን ልጅ እንደ ንብ ቆጥሮ ትእዛዙን በተራ ማስፈጸም ይቻላል።

ወንድሟ ከኮምፒዩተሩ ሳይነሳ እሷ ብቻ ተነስታ ወደ ጓዳ የምትላክበት ቤት ጥቂት አይደለም። እናቶች፣ ማታ ከሥራ ስትመለሱ ልጃችሁን «ጨዋታሽን ተዪ» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ንቦቿ ስንት ፍሬ እንዳስገኙ ጠይቋት። ጓሯችሁን ፀረ ተባይ የምትረጩ ከሆነም አበባው ፈክቶ ንብ በተሰማራችበት ሰዓት አትርጩ። ልጅቱ ዜሮውን አይታለችና ምክንያቱን ታስረዳችኋለች።