መኪና ገጭቷችሁ «ደህና ነኝ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

የዛሬው ጽሑፍ ግማሹ ሕክምና፣ ግማሹ ሕግ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሐኪም የፖሊስ ደብዳቤና የመድን ወረቀት ጉዳይ ሳይወድ በግዱ ይማራል።

ጎንደር ላይ ደጋግመን የምናየው ነገር እንዲህ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚመጣ ባጃጅ ይገለበጣል። ተሳፋሪው አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ሰው ይሰበሰባል፣ ሹፌሩ ይለምናል፣ «ልጆች አሉት፣ እንጀራው ነው፣ ተወው» ይባላል። ትንሽ ብር ይቀበልና «ሁለተኛ ላልጠይቅ» ብሎ ይፈርማል። ማታ ራስ ምታት ይጀምረዋል፣ ያስመልሰዋል። ቤተሰብ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ይላል። ጠዋት ሲቀሰቅሱት አይነሳም።

ይሄ ለምን ይሆናል? ጭንቅላት ሲመታ የራስ ቅል ውስጥ ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። ሰውየው ለሰዓታት ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ ሻይ ሲጠጣ ይቆይና ደሙ አንጎሉን መጫን ሲጀምር ይወድቃል። ጣፊያም እንደዚሁ ነው፤ ሆድ ውስጥ የሚደማ ሰው ውጪው ላይ ጭረት እንኳ ላይታይበት ይችላል። ስለዚህ በአደጋው ቀን «ደህና ነኝ» ማለት «እስካሁን ምንም አልተሰማኝም» ማለት ብቻ ነው። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የሆድ ሕመም፣ ሲነሱ ማዞር ካለ፣ ሰዓቱ ስንትም ይሁን ሆስፒታል!

ቦታው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይደርብ አስጠንቅቁ። ሊማሊሞ ላይ ከመታጠፊያው በፊት ቅጠልና ድንጋይ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው (ስትሄዱ ድንጋዩን አንሱት እንጂ! እሱም ራሱ አደጋ ነው)። መኪናው እሳት ካልያዘ ወይም ወደ ገደል ካልተንሸራተተ በቀር ተጎጂውን እጅና እግሩን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ አንገቱ ወይም አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ የእናንተ ጉተታ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የሚደማውን በንጹህ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ ጨርቁን እያነሳችሁ አትዩ። ውኃ አታጠጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደግሞ ብርዱን አትናቁ፤ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደሙ በቀላሉ አይረጋም። ጋቢያችሁን አውልቃችሁ አልብሱት።

ከዚያ ስልካችሁን አውጡ። ግን የተጎጂውን ፊት ለመቅረጽ አይደለም! የመኪናውን ሰሌዳ፣ መኪናዎቹ የቆሙበትን ሁኔታ፣ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሶስተኛ ወገን መድን ስቲከር አንሱ። ያየ ሰው ካለ ስልኩን ተቀበሉ። ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መኪናዎቹ ባይነሱ ይመረጣል፤ ፕላኑን የሚያነሳው እሱ ነው።

አሁን ወደ መብታችሁ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሶስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚሁ አዋጅ ውስጥ አለ፦ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና በነጻ የማግኘት መብት አለው። አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው 2,000 ብር ነበር፤ የገንዘብ መጠኑ የሚሻሻል ስለሆነ የዛሬውን ሆስፒታል ስትገቡ ጠይቁ። ሆስፒታሉ ወጪውን ከመድን ድርጅቱ ይጠይቃል። መኪናው ገጭቶ ቢሰወር ወይም መድን ባይኖረውስ? ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ስለዚህ «ገጪው ጠፍቷል፣ ማን ይከፍልልናል?» ብላችሁ ታማሚ ቤት ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ከመድኑ ሌላ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 አለ። የመኪና ባለቤት ራሱ ባይነዳም፣ ጥፋት ባይሠራም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ ወይም ተጎጂው ራሱ ጥፋተኛ ከሆነ ነገሩ ይለያል። «ሹፌሩ ድሃ ነው፣ ምን አለው?» የሚለው ወሬ ታዲያ ሙሉ መልስ አይደለም።

እኛ ሐኪሞች የምንገባው እዚህ ላይ ነው። ካሳ የሚሰላው በወረቀት ነው። በአደጋው ቀን ያልታየ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ «ወገቤ የታመመው በዚያ መኪና ነው» ቢል ማስረዳት ይከብደዋል። ስትታዩ አደጋው መቼ፣ የት፣ በምን እንደደረሰ በግልጽ ንገሩን፣ ካርዱ ላይ እንጻፈው። የሚያማችሁን ሁሉ ተናገሩ፣ ትንሿን የእጅ ጣት ጭምር። ወጌሻ ቤት የሄዳችሁም ብትሆኑ ራጅ ተነሡ፤ ራጁን አትጣሉ። ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቀን የሕክምና ማስረጃ እንጽፋለን። ቋሚ ጉዳት ካለ ደግሞ የሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይወስነዋል፣ ይሄ የሚሆነው ግን ቁስሉ ከዳነ፣ አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ነው። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

እንግዲህ አስቡት፤ ቦርዱ እንኳ ገና ያልለካውን ጉዳት እናንተ በሁለተኛው ቀን በምን ለክታችሁ ነው የምትፈርሙት?

ሽምግልናን እየተቃወምኩ አይደለም። በእኛ አገር እርቅ ቂም ያበርዳል፣ ደም ያደርቃል፤ ሽማግሌ ሲመጣ በሩን መዝጋት አይገባም። ይቅር በሉ፣ ታረቁ። «ሁለተኛ ላልጠይቅ» የሚለው ፊርማ ግን የሕክምናው ውጤት እስኪታወቅ ይቆይ፤ ሹፌሩም ለሕክምና የሚረዳችሁን ብር ለሕክምና ብሎ ይስጥ፣ ደረሰኙን ያዙ። ሰው ከሞተ ደግሞ ቤተሰቡ ቢታረቅም በእርቁ ብቻ የወንጀል መዝገቡ አይዘጋም።

ሹፌሮችም ታነባላችሁና፦ ገጭቶ መሮጥ ከሁሉ የከፋው ነው። ሰው እንዳይመታችሁ ከፈራችሁ በቀጥታ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና የት ቦታ ሰው እንደወደቀ ተናገሩ። የምትጠፉባት ግማሽ ሰዓት መሬት ላይ ለሚደማው ሰው ብዙ ናት።

ጊዜውም ገደብ አለው። ካሳ ለመጠየቅ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በመደበኛው 2 ዓመት ነው ያላችሁ። ሁለት ዓመት በሽምግልና ቀጠሮ ብቻ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሽማግሌው እየተመላለሰም ቢሆን የፖሊስ ሪፖርቱን፣ ካርዱን፣ ራጁንና ደረሰኙን በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ የሕግ ባለሙያ ጋ ሂዱ። ጠበቃ መክፈል የማይችል ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ይጠይቅ።