ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?

የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ስንፈልግ ብዙዎቻችን ጉግል ስኮላር ከፍተን መምህሩ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ እናያለን። ቁጥሩ ግን ያሳስታል። አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ በ1951 ያሳተሙት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የዲኤንኤን ቅርጽ የገለጸው የዋትሰንና የክሪክ ጽሑፍ ግን ኔቸር መጽሔት በ2014 ባወጣው የመቶዎቹ ዝርዝር ውስጥ እንኳ የለም! ዘዴውን ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራበት ሁሉ ላውሪን ይጠቅሳል፤ የዲኤንኤን ቅርጽ ግን ከመማሪያ መጽሐፍ ስለምናውቀው ምንጩን የሚጠቅስ ጥቂት ነው።

በ2005 ሂርሽ የተባለ ፊዚሲስት ያወጣው ኤች ኢንዴክስ ሌላ ስሌት ነው። 10 ከሆነ፣ ተመራማሪው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። በዚህ ስሌት ያ የላውሪ ጽሑፍ የሚቆጠረው እንደ አንድ ብቻ ነው።