ዓሣ በአራዳ ከፍታ እንዴት ይተነፍሳል?

ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሳቸው በፊት፣ ማኪያቶ ልንጠጣ በገባንበት አንድ ቤት ባንኮኒው ላይ ክብ የመስታወት ዕቃ ተቀምጦ ነበር። በውስጡ ያለችው ወርቃማ ዓሣ አፏን ወደ ውኃው ገጽ አውጥታ ደጋግማ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት «ሰላም እያለችን ነው» አሉ። እኛ ግን ያየነው ትንፋሽ ያጠራትን ፍጡር ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ምክንያቱን ለመረዳት የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃል።

እንደሚታወቀው ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። በሄንሪ ሕግ መሠረት የሚሟሟው ጋዝ መጠን ከውኃው በላይ ካለው የጋዙ ግፊት ጋር ተመጣጣኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ዳርቻ ቢበዛ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በአራዳ የሚይዘው 6 ሚሊግራም ገደማ ነው።

ኦክስጅን ወደ ውኃው የሚገባው በገጹ በኩል ነው። ወርዱ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ዕቃ እስከ ግማሹ ቢሞላ የውኃው ገጽ 490 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ 10 ሴንቲሜትር ወርድ እስካለው አንገቱ ቢሞላ ግን ወደ 79 ይወርዳል። ለውበት ብለን ስንሞላው የመተንፈሻውን በር ከስድስት እጥፍ በላይ እናጠበዋለን ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ ለመራባት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪንም ዓሣን ይጎዳል።

ታዲያ ዓሣን በቤት ማኖር ተገቢ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በትራውት ዓሣ ራስ ላይ ጎጂ ነገርን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አሳይተዋል። ዓሣ ሕመምን እንደ እኛ ይሰማዋል ወይ የሚለው ክርክር ባይዘጋም፣ «ዓሣ ምን ያውቃል?» ብሎ ማለፍ ግን ከእንግዲህ አያስኬድም።

በሌላ በኩል ጥቅሙ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1850 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ዓሣን፣ ቀንድ አውጣንና የውኃ ተክልን በአንድ ዕቃ በሚዛን ማኖር እንደሚቻል አስታወቁ። ገንዳው ዛሬም ለተማሪ የጋዝ ሕግንና የናይትሮጅን ዑደትን በዓይን የሚያሳይ ቤተ ሙከራ ነው።

ስለዚህ ሊያኖር የሚሻ ሰው ክቡን ትቶ አፈ ሰፊ ገንዳ ይምረጥ፤ የቧንቧውን ውኃ አሳድሮ ይጠቀም፤ መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑም ስለሚቆም ጥቂት ዓሣ ብቻ ያኑር። ሲሰለቸው ደግሞ ለሌላ አሳዳጊ ይስጥ እንጂ በቀበናም ሆነ በግንፍሌ ወንዝ አይጣል። ለአበባው ውበት ሲባል ከደቡብ አሜሪካ ወደ ዓለም የተሠራጨው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱን እናስታውስ። ይህን ማሟላት የማይችል ሰው ግን ገንዳውን ባይገዛው ይሻላል እንላለን።