ወኪልና እንደራሴ

በብሥራተ ገብርኤል ሰፈር ቤት ያለው፣ ኑሮው ግን በባሕር ማዶ የሆነ አንድ ሰው እናስብ። ይህ ሰው በየዓመቱ ለገናና ለጥምቀት መጥቶ ጥቂት ሳምንታት ይሰነብትና ይመለሳል። እርሱ በሌለበት ወራት መንገድ ሲሠራ፣ የጎርፍ መውረጃ ሲቀየስ፣ ስለ ጥቅሙ የሚናገርለት ማን ነው?

ለዚህ መልስ ለመስጠት ወኪልንና እንደራሴን መለየት ያስፈልጋል። ወኪል በአንድ ሰው ስም ሆኖ የዚያን ሰው ጉዳይ የሚፈጽም ነው፤ ሥልጣኑንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይወስናል። ስለዚህ ባለቤቱ ዘመዱን ቢወክል፣ ወኪሉ ግብር ሊከፍልለት፣ ቤቱን ሊያከራይለት፣ አቤቱታም ሊያቀርብለት ይችላል፤ ድምፅ ግን ሊሰጥለት አይችልም።

እንደራሴ በሕዝብ የሚመረጥ ነው። የመራጭነት መብትም የሚመነጨው ከቤት ባለቤትነት ሳይሆን ከዜግነትና ከነዋሪነት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ደንግጓል። የውጭ ዜግነት ያላቸውን ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚመለከተው የ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 ደግሞ የቤት ባለቤትነትን ሲፈቅድላቸው መምረጥንና መመረጥን ከልክሏቸዋል። ስለሆነም በዚያው ቤት በኪራይ የሚኖረው ዜጋ ሲመርጥ ባለቤቱ ላይመርጥ ይችላል።

ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በክረምት ጎርፉ የሚያገኘው በስፍራው ያለውን ነዋሪ ነውና። ይሁን እንጂ የወረዳው ምክር ቤት እንደራሴ የአካባቢው ሁሉ አገልጋይ ስለሆነ፣ በስፍራው የሌለውንም ሰው አቤቱታ በወኪሉ አማካይነት ሊሰማ ይገባዋል።